ራውተር ልግዛ ወይስ በአሮጌ ኮምፒውተር ልሥራ? ባሕር ዳር ላለ ቤት የሚሆን መመሪያ

ሽምብጥ ባለው የእናቴ ግቢ ውስጥ አምስት ቤት አለ። በትልቁ ቤት እናቴና እህቴ ይኖራሉ። ከኋላ ያሉት አራት ሰርቪሶች ተከራይ ገብቶባቸዋል። ኢንተርኔቱ አንድ ነው፤ የወሩን ክፍያ ይጋሩታል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ሲገባ ግን ነገሩ ይበላሽ ነበር። አንዱ ቪዲዮ ሲልክ የሌላው ስልክ ይንቀራፈፋል። እህቴ በኦንላይን ስትማር መሃል ላይ ድምፁ ይቆረጥባታል።

እኔም አንድ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዛሁ። ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት፤ ኦፕንሴንስ (OPNsense) የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫንኩበትና ራውተር፣ ማለትም ኢንተርኔቱን ለሁሉም የሚያከፋፍል ሳጥን፣ አደረግኩት። ሦስት ወር ያለ እንከን ሠራ። ሐምሌ ላይ ለሥራ ጎንደር ሄጄ ሳለ ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ንጋት ላይ መጣ። ጠዋት እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ እንቢ ብሏል። ሳጥኑ ይበራል፤ ግን ምንም የለም።»

እውነትም በርቶ ነበር። ስክሪን ቢኖረው ኖሮ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ይታይ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃለች። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንም ሴቲንጉንም ረሳ፤ መብራት ሲመለስ ሰው መጥቶ ኪቦርድ እስኪነካ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። እናቴ ጋ ደግሞ ኪቦርድም ስክሪንም የለም። እስክመለስ ድረስ ግቢው ሁለት ቀን ያለ ኢንተርኔት ዋለ፣ አደረ።

ያው ኮምፒውተር ዛሬ ሐይቁ ዳር ባለ የጓደኛዬ ፔንሲዮን ውስጥ ይሠራል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን አላስቸገረም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ስለ ቤቱ እጠይቀዋለሁ። ጥያቄዎቼ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው።

ደረጃ 1፦ በሽታው የቱ ጋ እንደሆነ ለዩ

ገና ብር አታውጡ። ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ገመድ ፈልጉ። ላፕቶፑን አገልግሎት ሰጪው ከሰጣችሁ ሳጥን ጋር በገመድ አገናኙ። የቤቱን ስልክ ሁሉ ዋይፋይ አስጠፉና ፍጥነቱን ለኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ቀጥሎ እዚያው ክፍል ሆናችሁ በዋይፋይ ለኩ። ቀጥሎ የመጨረሻው ክፍል ሄዳችሁ ለኩ። ይህን ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ አድርጉት።

በገመድም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ምንም ዓይነት ራውተር ብትገዙ ወይም ብትሠሩ አይፈታውም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውላችሁ መስመሩ ይታይልን በሉ።

በገመድ ጥሩ ሆኖ ጓዳ ውስጥ የሚሞት ከሆነ ነገሩ የግድግዳና የቦታ ነው። 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ዋይፋይ ፈጣን ነው፤ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፤ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ተጨናንቋል። ብሎኬት፣ ኮንክሪት፣ የብረት በርና ቆርቆሮ ደግሞ ሁለቱንም ያዳክማሉ። ብዙ ቤት የማየው ሳጥኑ ቡፌ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ጀርባ ተወትፎ ነው። አውጥታችሁ ከፍ ያለ ቦታ፣ ወደ ቤቱ መሃል አድርጉትና እንደገና ለኩ። እናቴ ቤት ይህቺ ብቻ ከሰርቪሶቹ ሁለቱን አዳርሳለች።

ሦስተኛው ችግር ሰው የማያውቀው ነው። ብቻችሁን ስትሆኑ ፈጣን ነው፤ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ሲልክ ግን ሁሉም ይቆማል። ፈተናው እንዲህ ነው። ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ping -t 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉ፤ ሳያቋርጥ ፒንግ ያደርጋል፣ ማለትም መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካል። የሚመጣውን የሚሊሰከንድ ቁጥር እያያችሁ አንድ ሰው በስልኩ ረጅም ቪዲዮ በቴሌግራም ይላክ። ቁጥሩ ከ50 ወይም 60 ተነስቶ ብዙ መቶ ውስጥ ከገባ በሽታው ተገኘ። ሳጥኑ የሚላከውን ዳታ ረጅም ሰልፍ ያስይዘዋል። የቪዲዮው ጭነት ከፊት ይቆማል፤ የድምፅ ጥሪዋ ትንሽ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ከኋላ ሆና ተራ ትጠብቃለች። መስመሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው ሰልፉ ነው። ይህን ጥሩ ራውተር ያስተካክለዋል፤ የተገዛም የተሠራም ቢሆን።

ደረጃ 2፦ ያላችሁን ሳጥን እወቁት

መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን በመስመሩ የተመዘገበ ነው። ነቅላችሁ በሌላ ልትተኩት አትችሉም። የእናንተ ራውተር ከእሱ በኋላ ይመጣል። መስመሩ የድሮው የስልክ ሽቦ ከሆነም ያው ነው፤ ኮምፒውተር የስልክ ሽቦ መሰኪያ ስለሌለው ሞደሙ ይቀመጣል። በሲም ካርድ የሚሠራ ከሆነም ሳጥኑን እንዳለ ትታችሁ ከኋላው መቀጠል ይቀላል።

ከተቻለ ሳጥኑ በብሪጅ እንዲሠራ አስደርጉ፤ ያኔ የራውተርነቱን ሥራ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ ዕቃ ይለቃል። ለዚህ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ ያስፈልጋችኋል። ውል ስትፈርሙ የተሰጣችሁን ወረቀት ፈልጉት። ካልተቻለም ብዙ አትጨነቁ። ሁለት ራውተር ተከታትሎ መሥራቱ ለፌስቡክ፣ ለዩቲዩብና ለቪዲዮ ጥሪ ችግር አያመጣም። የሚያስቸግረው ከውጭ ሆኖ የቤቱን ካሜራ በቀጥታ መክፈት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ደረጃ 3፦ መብራቱን አስሉ

እኛ ከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከፍጥነት ይቀድማል።

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ሥራ ሳይበዛበት ከ30 እስከ 60 ዋት ይበላል። 60 ዋትን በ24 ሰዓትና በ30 ቀን አባዙት፤ በወር 43 ኪሎዋት-ሰዓት ይመጣል። የመብራት ታሪፋችን እርከን አለው፤ የመጀመሪያውና ርካሹ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ራውተሩ ብቻውን ያን እርከን ሊጨርሰው ይደርሳል። ምጣዱ፣ ፍሪጁና ምድጃው በውዱ እርከን ይቆጠራሉ ማለት ነው። ከሱቅ የሚገዛ ራውተር ግን 10 ዋት ቢበላ ነው፤ በወር ወደ 7 ኪሎዋት-ሰዓት።

መብራት ሲሄድም ልዩነቱ ይሰፋል። ትንሹ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ብዙ ጊዜ ውስጡ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አለው። ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 60 ዋት ለሚበላ ኮምፒውተር ይህ በተግባር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የሱቁን ራውተርና የፋይበሩን ሳጥን ግን በ12 ቮልት በምትሠራ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ ለሰዓታት ማቆየት ይቻላል። እነሱ እስከበሩ ድረስ፣ የአገልግሎት ሰጪው ጣቢያ መጠባበቂያ ካለው፣ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖም ኢንተርኔት ሊኖራችሁ ይችላል። ከእናንተ እስከ ጣቢያው ያለው የፋይበር መስመር መሃል ላይ መብራት አይፈልግም። ዩፒኤሷን ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራውተሩን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ። 9 ቮልት የሚል ራውተር ላይ 12 ቮልት ብትሰኩ ሊቃጠል ይችላል። አምፒሩም ከተጻፈው ማነስ የለበትም።

ስለ መብረቅ አንድ ነገር ልበል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጣና ላይ የሚነሳውን ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ። የስልክ ሽቦ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ብረት ነው፤ መብረቅ በእሱ በኩል ገብቶ ሞደሙንም ከኋላው ያለውንም ይፈጃል። ዝናቡ ሲጠቁር የስልክ ሽቦውንም የመብራት መሰኪያውንም ንቀሉ። ፋይበር ያላቸው ሰዎች እፎይ ሊሉ ይችላሉ፤ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አይመራም። አዳፕተሩን ግን እነሱም ይንቀሉ።

ደረጃ 4፦ እናንተ በሌላችሁ ቀን ማን አለ?

ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው ያጠፋሁት። ኮምፒውተር ራውተር ሲሆን ጠባቂ ይፈልጋል። አፕዴት አለው፤ ፋኑ አቧራ ይሰበስባል፤ ሐይቁ አጠገብ ደግሞ ክረምት ላይ ማታ ብርሃን አይቶ የሚገባ ትንኝ በየቀዳዳው ይሞላል። የፔንሲዮኑን ሳጥን ባለፈው ጥቅምት ስከፍተው ፋኑ ስር የደረቀ ትንኝ እንደ ጤፍ ተከምሮ ነበር። በብሩሽ ጠርጌ አወጣሁት። ይህን በየስድስት ወሩ የሚያደርግ ሰው ካለ ጥሩ። ከሌለ ፋን የሌለው ዕቃ ግዙ።

ቤታችሁ ያሉት እናት፣ አባትና ልጆች ብቻ ከሆኑ፣ እናንተም ከከተማ የምትወጡ ከሆነ፣ ከሱቅ የሚገዛውን ውሰዱ። ነቅሎ መሰካት የሚያድነው ዕቃ ያስፈልጋችኋል። ፔንሲዮኑ ውስጥ ግን ቀን እንግዳ ተቀባይ፣ ሌሊት ዘበኛ አለ፤ ዕቃው የተቀመጠውም ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ነው። ስክሪንና ኪቦርድም አጠገቡ አለ።

ደረጃ 5፦ ወስኑ

የተገዛ ራውተር የምመክረው ለአብዛኛው ቤት ነው። ስትገዙ ሁለቱንም 2.4ና 5 ጊጋ ኸርዝ የሚሰጥ መሆኑን፣ የገመድ ቀዳዳዎቹ ጊጋቢት መሆናቸውንና አምራቹ አሁንም አፕዴት የሚያወጣለት መሆኑን እዩ። የአንቴና ብዛት አያታልላችሁ። ስምንት አንቴና ያለው ሁሉ ከሁለት አንቴናው አይበልጥም።

ከሁሉም በላይ ግን ዕቃው ኦፕን ደብሊውአርቲ (OpenWrt) የሚቀበል ይሁን። ይህ ለራውተር የተሠራ ነፃ ሊኑክስ ነው። ሊንክሲስ የደብሊውአርቲ 54ጂ ራውተሩን ኮድ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ በኋላ በ2004 የተጀመረ ነው፤ ስሙንም ከዚያው ዕቃ ወሰደ። ዛሬ በጣም ብዙ ሞዴሎች ላይ ይሠራል። ድረ ገጹ ላይ የሚደገፉ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሞዴሉን ብቻ ሳይሆን ቨርዥኑንም ከዝርዝሩ አመሳክሩ። ቨርዥኑ ሳጥኑ ጀርባ ባለው ወረቀት ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሳጥኖች ውስጣቸው ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ፤ አትፈሩ።

ይህ የእናቴ ቤት መፍትሔ ሆነ። 10 ዋት የማይሞላ ራውተር፣ በላዩ ኦፕን ደብሊውአርቲ። ውስጡ ኤስኪውኤም የሚባል ተጨማሪ ጫንኩና ኬክ የተባለውን የሰልፍ አያያዝ መረጥኩ። ፍጥነቱን በገመድ ከለካሁት 90 በመቶ ላይ ወሰንኩት፤ የመውረጃውንም የመጫኛውንም። ሰልፉ እንግዲህ አገልግሎት ሰጪው ሳጥን ውስጥ ሳይሆን እኔ በምቆጣጠረው ዕቃ ውስጥ ይሠራል። ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት እየወሰደ ያሳልፋል። ቪዲዮ እየተላከ ፒንጉ ከ80 አላለፈም። ከጠቅላላው ፍጥነት አንድ አሥረኛውን ሰጥቼ ይህን ማግኘቴ ያዋጣል እላለሁ።

በቤት የተሠራ ራውተር የሚያዋጣው ተጠቃሚው ብዙ ለሆነበት፣ መረቡን መከፋፈል ለሚያስፈልግበትና ሰው ለማይጠፋበት ቦታ ነው፦ ፔንሲዮን፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ቢሮ። ፔንሲዮኑ ውስጥ የእንግዶቹ ስልክ የሒሳብ ኮምፒውተሩን ጨርሶ አያየውም፤ ለየክፍሉም የፍጥነት ገደብ አለ። ይህን ሁሉ ብዙው ርካሽ የሱቅ ራውተር እንደተገዛ አይሠራውም። መማር ለሚፈልግ የፖሊ ተማሪም እመክራለሁ፤ ግን ቤተሰቡ በሚጠቀምበት መስመር ላይ አይለማመድ። ብር ያለው ሰው ደግሞ አራት የገመድ ቀዳዳ ያለው፣ ኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር ያለው፣ ፋን የሌለው ሚኒ ኮምፒውተር ያግኝ። የኮምፒውተሩን አቅም በ10 ዋት ገደማ ይሰጣል።

ደረጃ 6፦ ልሥራ ያለ ሰው እንዲህ ያድርግ

1. ትንሽ ቁመት ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ፈልጉ። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ይበቃል። 4 ጊጋ ራምና ትንሽ ኤስኤስዲ ይኑረው። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ተዉት፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ነው።

2. ሁለተኛ ኔትወርክ ካርድ ጨምሩ። ኢንቴል ቢሆን ይሻላል፤ ኦፕንሴንስ የተሠራበት ፍሪቢኤስዲ ከኢንቴል ካርድ ጋር ይስማማል። በዩኤስቢ የሚሰካውን አትጠቀሙ። ትንሽ ሳጥን አጭር ብረት ያለው ካርድ ይፈልጋል። ረጅሙን ብረት ይዛችሁ ብትመጡ ክዳኑ አይዘጋም።

3. ባትሪዋን ቀይሩ። ሲአር 2032 ትባላለች፤ ሰዓት ቤት ሁሉ አለች። ደህና ናት ብላችሁ አትለፉ፤ ቀይሯት።

4. ባዮስ ግቡ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ነው። መብራት ሲመለስ ምን ላድርግ የሚል ሴቲንግ አለ፤ ኤሲ ሪከቨሪ ወይም አፍተር ፓወር ሎስ ይላል። «ፓወር ኦን» አድርጉት። ኪቦርድ ከሌለ ስህተት ነው ብሎ የሚያቆመውንም አጥፉት።

5. ሲስተሙን ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱና በፍላሽ ጫኑ። ኦፕንሴንስ ሲጫን ፋይል ሲስተም ይጠይቃችኋል፤ ዜድኤፍኤስን ምረጡ፤ ድንገተኛ የመብራት መጥፋትን የበለጠ ይችላል። ከተጫነ በኋላ ዩዘርኔሙ ሩት (root)፣ ፓስዎርዱ ኦፕንሴንስ (opnsense) ነው። ወዲያው ፓስዎርዱን ቀይሩ።

6. ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀራል። ኦፕንሴንስ ለውስጡ መረብ 192.168.1.1 ይይዛል። የአገልግሎት ሰጪው ሳጥንም ብዙ ጊዜ ያንኑ ይዟል። ሁለቱም አንድ ከሆኑ ኮምፒውተሩ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚወስደውን መንገድ መለየት ያቅተዋል፤ ሁሉ ነገር የተሰካ ይመስላል፤ ኢንተርኔት ግን የለም። የውስጡን 192.168.50.1 አድርጉት።

7. ዋይፋዩን ከኮምፒውተሩ አትጠብቁ። የድሮ ራውተራችሁን አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ ሳጥን፣ አድርጉት። ለስልኮቹ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒውን አጥፉ፤ አድራሻውን 192.168.50.2 አድርጉ፤ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውን ገመድ ዋን በሚለው ሳይሆን ላን ከሚሉት በአንዱ ሰኩ። ለሩቅ ክፍል በአየር የሚያቀባብል ሪፒተር ከመግዛት ገመድ መዘርጋት ይሻላል። አንድ የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ግቢ ውስጥ ሲያልፍ በፕላስቲክ ቱቦ አስገቡት፤ ፀሐዩም አይጡም አይምረውም።

8. አሁን ፈተናው። ስክሪኑንና ኪቦርዱን ንቀሉ። የቤቱን ቆጣሪ ማጥፊያ አውርዱ። አምስት ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ማንም ምንም ሳይነካ ስልካችሁ ላይ ኢንተርኔት መጣ? ይህን በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ድገሙት። ሦስቱንም ካለፈ ከቤት መውጣት ትችላላችሁ።

9. ሴቲንጉን ባክአፕ አውጥታችሁ ፍላሽና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

የመጨረሻው ሥራ የወረቀት ነው። አክሰስ ፖይንት ካደረጋችሁት ሌላ አንድ ርካሽ ራውተር፣ የዋይፋይ ስሙንና ፓስዎርዱን ከአሁኑ ጋር አንድ አድርጋችሁ፣ መደርደሪያው ላይ አዘጋጅታችሁ ተዉት። ከፋይበሩ ሳጥን ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው ገመድ ጫፍ ላይ ቢጫ ፕላስተር ጠቅልሉ። ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉ። ፔንሲዮኑ ግድግዳ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦

«ኢንተርኔት ከጠፋ 5 ደቂቃ ጠብቁ። ካልመጣ ቢጫውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ ትንሹ ነጭ ሳጥን ላይ፣ ሰማያዊው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩ። ነጩን ሳጥን አብሩ። ከዚያ ደውሉ።»